ወንድሜን የጻፍኩበት የትውልድ ገጽ

ታላቅ ወንድሜ የሞተው እኔ የአስረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነው። ሕመሙ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ስለዚያ ሁለት ሳምንት መጻፍ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን እጽፋለሁ።

ወንድሜ ከሚሴ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ይሠራ ነበር። ለሰው ማመልከቻ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ኢሜይል ይከፍታል። የሰባተኛው ቀን ሰደቃ ካለፈ በኋላ አብራው የምትሠራው ልጅ ደብተሩን አምጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ትንሽ ዳበሰችውና ወደ እኔ ገፋችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻና የይለፍ ቃል ነበር። ከሥሩ «ስለ ትውልዳችን አጎቴን ልጠይቅ» ብሏል።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷ ገጹን ከፈተችልኝ። የቤተሰብ ትውልድ የሚመዘገብበት ነው። ሰው በሳጥን ይገባል፣ ሳጥኖቹ በመስመር ይያያዛሉ። ወንድሜ የሞላው አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ የራሱን። ፎቶው አለ፣ ስሙ አለ። ከላይና ከታች ባዶ ሳጥኖች አሉ። ከስሙ ሥር በእንግሊዝኛ «በሕይወት ያለ» ይላል። ይህን ሳነብ ተነስቼ ወጣሁ። የተመለስኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

በእኛ አገር ልጅ ትውልዱን መቁጠር ይማራል። አንድ ሽማግሌ አስቁሞ «የማን ልጅ ነህ?» ካለህ፣ ከራስህ ትጀምርና አባትህን፣ ያባትህን አባት እያልክ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ወንድሜ አስር ያደርስ ነበር። እኔ አራተኛው ላይ እደናቀፋለሁ፣ እሱም ከኋላዬ ሆኖ ቀስ ብሎ ይነግረኛል።

ያን ሰሞን ያስጨነቀኝ ግን መደናቀፌ አይደለም። ወንድሜ አላገባም፣ ልጅም የለውም። ነገ ልጆች ብወልድ፣ ሲቆጥሩ እኔን ይሉና ወደ አባቴ ያልፋሉ። እሱ የሚጠራበት ቦታ የለም። ሃያ አራት ዓመት የኖረ ሰው፣ እናቴና አባቴ ካለፉ በኋላ እኔ ብቻ የማውቀው ይሆናል። ስለዚህ ገጹን ልሞላው ፈለግሁ።

አባቴ ስሞቹን ነገረኝ፣ በወረቀት ጻፍኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ጣት ነበር የምተይበው።

«ወንድምህ በአስር ጣቱ ነበር የሚጽፈው» አለችኝ ልጅቷ። «አንተ እንደ ዶሮ ጥሬ ትለቅማለህ።»

«እሱ ደሞዝ ይከፈለው ነበር» አልኳት። ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ቀልድ ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር።

ከወንድሜ ሥር ያለውን ባዶ ሳጥን ተጭኜ አባቴን አስገባሁ። ከአባቴ ሥር አያቴን። ከአያቴ ሥር የአያቴን አባት። አፌ እንደለመደው፣ ከራስ ጀምሮ ወደ ታች። አስሩም ሲያልቁ ልጅቷ ልታትም መጥታ ስክሪኑን አየችና ደርቃ ቀረች።

«አንተ! አባትህን የወንድምህ ልጅ አድርገኸዋል እኮ! አያትህ ደግሞ የልጅ ልጁ ሆኗል። ትውልዱን ሁሉ ከእሱ አስወለድከው!» ሳቀች። ወዲያው ሻሿን ስባ አፏን ሸፈነች።

አየሁት። ወንድሜ ከላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ ከሥሩ ትውልድ ተዘርግቷል። «አስተካክለው» አለችኝ። «መጀመሪያ እንዲሁ አትሚልኝ» አልኳት።

ወረቀቱን ይዤ ጨፋ ሮቢት ወደሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ሄድኩ። በቤተሰባችን ትውልድ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። እየጠቆምኩ አነበብኩላቸው፤ ስህተቴንም ነገርኳቸው።

«ማሻአላህ!» አሉ። «እኔንም ወልዶኛል በለኛ!» እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «አስተካክለው፣ ያ ኢልመ፣ ልጄ። እውነት አይደለም።»

«ካስተካከልኩት ከሥሩ ማንም አይኖርም።»

ገመዳቸውን አንስተው መግመድ ቀጠሉ።

«አባባ፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ሲቆጠር ሰምተው ያውቃሉ?»

«አልሰማሁም። ቆጠራው በወለደው ነው የሚያልፈው። እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት።» ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ከእኔና ካባትህ መሐል አንድ ወንድም ነበረን።»

ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ግመል እየነዳ ባቲ ገበያ ሄዶ ንዳድ ይዞት መጣ። ሦስት ቀን ተኛ። ጢም እንኳ አላበቀለም።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀ? አባትህም ሲነሳበት አይወድም።» ስሙን ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ። «እዚያ ማሽን ላይ ለእሱም ቦታ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያ በእኔና ባባትህ መሐል አስገባው።»

በማግስቱ ሁሉንም አንድ በአንድ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ኔትወርኩም ይንቀራፈፋል። አባቴን ከወንድሜ በላይ አደረግሁ፣ ራሴን ከወንድሜ ጎን። አጎቴንም ጨምሬ፣ የነገሩኝን ወንድማቸውን በእሳቸውና ባባቴ መሐል አስገባሁ። በመጨረሻ በወንድሜ ሳጥን ላይ «በሕይወት ያለ» የሚለውን ቀየርኩት። ኮምፒውተሩ ቀኑን ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ። ቦታውን ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ።

የታተመውን ለአባቴ ሰጠሁት። ጣቱ የወንድሙ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። «ማን ነገረህ?» አለ።

«አጎቴ።»

ወረቀቱን አጥፎ ከሚቀራው መጽሐፍ፣ ከኪታቡ ውስጥ ከተተው። እናቴ ግን ማታ እራት ስታቀርብ ወረቀቱን ከኪታቡ አስወጥታ «የትኛው ነው የእኔ ልጅ?» አለችኝ። አሳየኋት።

በዚያው ዓመት ከአባቴ ጋር ሰንበቴ ገበያ ፍየል ልንገዛ ወረድን። አባቴ ከሻጭ ጋር ሲከራከር አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ስሜን ልናገር አፌን ከፍቼ ቆም አልኩ። «እኔና ወንድሜ» አልኩና ሁለታችንንም ጠራሁ።

ሽማግሌው ወደ ኋላዬ አዩ። «ወንድምህ የታለ?»

«ሞቷል።»

«አላህ ይርሐመው።» ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «እሺ፣ አባታችሁስ ማነው?»