የትርንጎ ጥቁር ሻሽ

ዛሬ ጠዋት የእህቴን ልጅ ትርንጎን ጥበቃው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ መለሷት። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ጥፋቷ ራሷ ላይ ያሰረችው ጥቁር ሻሽ ነው።

የእናቷ፣ ማለት የእህቴ፣ አርባዋ ገና አልወጣም።

ፈተና ስላላት ለቅሶ ከተቀመጠችበት ከማንኩሳ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ «ከዩኒፎርም ውጭ መልበስ ክልክል ነው» ይላል። የማታ ትምህርት የጨረስኩ ሊቅ ነኝና ሳልንተባተብ አንብቤ ተወጣሁት። ከክፍላችን ቀድሞ ፊደል የለየ እኔን የሚያህል አልነበረም፤ ዛሬ ግን ምነው ባላነበብኩት አልኩ።

«ለአንዷ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ያሻውን ጠምጥሞ ይመጣል» አሉኝ ጥበቃው።

«ነገ የሁሉም እናት አትሞትም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

አቀረቀሩ፤ በሩን ግን አልከፈቱም።

ደወሉ ሲደወል ትርንጎ ሻሿን ፈታች። «ያዙልኝ፣ አጎቴ» ብላ ሰጠችኝና የተላጨ ራሷን በእጇ ሸፍና ገባች።

ዩኒፎርም ሀብታምና ድሃን እኩል ያደርጋል፤ እሱን አልነቅፍም። ሐዘንተኛዋን ግን ዛሬ ከጓደኞቿ እኩል አላደረጋትም።

ይህን የምጽፈው ከበሩ ማዶ ቆሜ ነው። እስክትወጣ ድረስ ሐዘኑ እንዳይቋረጥ ሻሹን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

በእናንተስ ትምህርት ቤት ሐዘን ያለበት ተማሪ እንዴት ሆኖ ነው የሚገባው? እስቲ ንገሩኝ።