የጫልቱ ተራ

አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ የወጣሁት እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ ነው። ለባለቤቴ ለጫልቱ፣ አርሲ ነገሌ ሄጄ ለማሲንቆዬ የፈረስ ጭራ ገዝቼ ልምጣ አልኳት። ከወንጂ አዳማ ደረስኩና የድሬዳዋውን ባቡር ተሳፈርኩ። ነገሌ በደቡብ፣ ድሬዳዋ በምሥራቅ መሆኑን የአዳማ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ማሲንቆውን በአንሶላ ስጠቀልል አይታኝ ነበር።

«ጭራ ለመግዛት ማሲንቆው ምን ያደርግልሃል?» አለች።

«ልክ ለመለካት» አልኳት።

ዝም አለች። ጫልቱ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም ነበር።

የሸሸሁበት ነገር ትንሽ ነው። ሳምንቱን ወንጂ ሸንኮራ እቆርጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫልቱ ጋር አዳማ ጠጅ ቤት እንጫወታለን። እኔ አንድ ስንኝ ወርውሬ አፌን እዘጋለሁ፣ ማሲንቆውን ብቻ አስረዝማለሁ፤ እሷ ተቀብላ እኔኑ ትሰድበኛለች። ሰው የሚመጣው እኔን ሊሰማ ሳይሆን ስሰደብ ሊያይ ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮቱ በዓል አሞግሰኝ አለ። አሞገስኩት፤ ስለ ሆዱም ትንሽ ጨመርኩበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ሰኞ ጽሕፈት ቤት ብቅ በል አለኝ። በዚያ ዘመን ሰኞ ብቅ ብሎ ማክሰኞ ቤቱ ያልተመለሰ ስንቱን አውቃለሁ። ለጫልቱ ያልነገርኳት ስትጠየቅ የምትደብቀው እንዳይኖራት ብዬ ነው። እሷ እንደዚያ ትየው አትየው ግን አላውቅም ነበር።

ጅቡቲ ሁለት ዓመት ቀቀለችኝ። ጅቡቲን ላየ ሰው መተሐራ ብርድ ነው። ከዚያ የስደተኞች ድርጅት ሰዎች ጀርመን፣ ሃምቡርግ የሚባል ከተማ ላኩኝ። እዚህ ደግሞ ዝናቡ አይዘንብም አያባራም፣ እንደ ወላዋይ ሰው ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። ዳቦአቸው ጥቁር ነው፣ ቢወረውሩት ሰው ይገድላል። ስኳራቸውን ደግሞ የሚያወጡት ከመሬት ከሚነቀል ሥር ነው፣ ድንች ይመስላል። ዕድሜዬን ሸንኮራ ስቆርጥ ኖሬ ይህን ሳይ ሻዬን ሁለት ቀን ያለ ስኳር ጠጣሁ።

የስደተኛ ጽሕፈት ቤት የወሰደችኝ ትዕግሥት ናት። የአዳማ ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው፣ እዚህ ነርስነት ትማራለች። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ አዝማሪ ነኝ አልኩ። የምስክር ወረቀት አለህ ወይ አለ። ማሲንቆዬን ገልጬ እዚያው ገዘገዝኩለት። እስከ መጨረሻው በትሕትና ሰማና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ትዕግሥት አንብባ ሳቋን ዋጠች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«‹ልዩ ልዩ› ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

የቤት አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ ደግሞ አንድ ቀን ማሲንቆ ስገዘግዝ በሬን አንኳኩታ፣ ውላችን ላይ ድመት ማሳደር ክልክል ነው አለችኝ። ድመት አይደለም፣ የፈረስ ጭራ ነው ብዬ በትዕግሥት በኩል አስነገርኩ። ሴትዮዋ ወርዳ ውሉ ስለ ፈረስ ምን እንደሚል አንብባ ተመለሰች። ምንም አይልም።

ለጫልቱ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ደርግን የማመሰግነው በዚህ ብቻ ነው። ጫልቱም አብራኝ ተምራለች፣ እንዲያውም ከእኔ ትበልጣለች። መልስ ግን የለም። ተቆጥታ ይሁን፣ ፈርታ ይሁን፣ ትታኝ ይሁን፣ ማን ይንገረኝ?

በዚህ መሐል ነው ትዕግሥት ክላውስ ከሚባል ጎረምሳ ጋር ያገናኘችኝ። ክፍሉ ሽቦ በሽቦ ነው፤ ሲንተሳይዘር የሚሉት የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከየአገሩ ዘፈን ጋር የመሣሪያውን ድምፅ አዋህዶ ካሴት ሊያወጣ ነው። ሙስጠፋ የሚባል ቱርክ ከእኔ ቀድሞ ሳዝ የሚለውን የአገሩን ክራር ይዞ ተቀምጧል። ክላውስ አንዷን ቁልፍ ተጭኖ እጁን አነሳ። ድምፁ አይሄድም አይመጣም፣ ምት የለውም፣ እንደ ጭጋግ ቤቱ ውስጥ ተኛ። ይህ ሙዚቃ ነው ወይ ልል አፌን ስከፍት አወቅሁት። የወንጂ ፋብሪካ ነው። ሸንኮራው ሲፈጭ ከማሳው ማዶ ሆነው የሚሰሙት እሱው ራሱ ነው፤ የሞላሰሱ ሽታ ብቻ ቀረው። ማሲንቆዬን አነሳሁ።

ስንኜን ጣልኩና እንደ ልማዴ አፌን ዘጋሁ። ክላውስ የረሳሁ መስሎት ቴፑን አቆመ። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና ዘጋሁ፣ እንደገና አቆመ። በአምስተኛው ሙስጠፋ አዘነልኝና ክፍተቱን በሳዙ ሞላልኝ። ጥሩ አድርጎ ነው የሞላው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ማሲንቆዬን መሬት አስቀመጥኩ።

ክላውስ ለምን ባዶ እንደምተወው ጠየቀ።

«ባዶ አይደለም። የጫልቱ ተራ ነው» አልኩ።

የት ናት አለ። ወንጂ አልኩት። ታዲያ አትመጣም አለ፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ሒሳብ። እኔም ባትመጣም ተራው ተራዋ ነው፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ግን እኔ ራሴ አትመጣም እንዳልኩ ነው አልኩ። ትዕግሥት ተረጎመችለት። ሙስጠፋ ሳዙን ጭኑ ላይ አስተኛ። ክላውስ ፀጉሩን ሲያክ ቆየና ክፍተቱን በፋብሪካው ድምፅ ብቻ ተወው። ካሴቱ እንደዚያ ወጣ። አንድ ገምጋሚ ዝምታውን በጋዜጣ አደነቀ አሉ። ጫልቱ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ በእሷ ዝምታ የተደነቀ የለማ።

ከዚያ የትዕግሥት እናት በቀጠሮ ጫልቱን አዳማ ቴሌ ይዛልኝ ሄደች። እኔ እዚህ ካሴቱን አዘጋጅቼ ደወልኩ። «ሃሎ» አለች። በዚያ መስመር ላይ ስንት ጆሮ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ስሟን ሳልጠራ ካሴቱን አስነሳሁና መነጋገሪያውን አስጠጋሁት። ስንኜ አለቀ። ፋብሪካው ጮኸ። ተራዋ ደረሰ።

ከቴሌ ሳጥን ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ በዜማው ገባች።

«ጭራ ላምጣ ብሎ ከቤት የወጣው ሰው፣
ፈረሱ ኮበለለ ወይስ እራሱ ነው?»

ካሴቱ የእኔን ቀጣይ ስንኝ ብቻውን ይዘፍናል፣ ከእሷ ጋር አይገጥምም። አጠፋሁት።

«ጭራው ተገኝቷል» አልኳት። እውነቴን ነው፤ እዚህ ቫዮሊን ከሚጠግን ሱቅ ገዝቼ፣ ነጭ የታጠበ፣ እንደ ሹሩባ የታሰረ፣ ከክፍሌ በር ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?» አለች።

መስመሩ ተቆረጠ። ጭራው አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ትከሻዬን ይነካኛል።