ክርስትና ያነሳሁ ዕለት

ጎረቤቴ ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቱ፣ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ደስታዬ ሌላ፣ ጭንቀቴ ሌላ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ ሕመም ከያዘኝ ወዲህ ሽንቴ ጌታ ሆኖብኛል፤ መጣሁ ካለ መጣ ነው። ከሰፈሬ ከሓድነት መሃል ከተማ እስክደርስ ሁለቴ ከታክሲ የምወርድ ሴት፣ ሕፃን ታቅፌ ቅዳሴ ላስቀድስ? ተጀምሮ አይወጣ ነገር! እምቢ እንዳልል ደግሞ እኔ አልወለድኩም፤ ይቺን እንኳ ልጄ ልበላት ብዬ ቋመጥኩ።

ያኔ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ውሃ መጠጣት ተውኩ። ያልገባ አይወጣም አልኩ። ሕፃኗ የምትጠመቅበት ሰማንያው ቀን ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብርድ ብርድ አለኝ፣ እግሮቼ አልታዘዝ አሉ፣ ሽንቴም ጭራሽ ባሰበት። አለቀልኝ፣ የነርቩ ሕመም ተቀሰቀሰብኝ ብዬ እያለቀስኩ «ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት።

«ሌላ ሰው የሚባል አላውቅም!» ብላ ልጇን አዝላ፣ እኔን ባጃጅ ላይ ጭና ዓይደር ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ሽንቴን አስመርምራ ሳቀች። «ነርቭ የታመመ ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ያለዎት ማነው? ይሄ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። እግርዎን ያደከመውም እሱ ነው። ለመሆኑ ውሃ ይጠጣሉ?»

ጎረቤቴ አጋለጠችኝ፤ ሁለቱም ተጋግዘው ተቆጡኝ። እኔ ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የሚድን በሽታ ያዘኝ እኮ! ሁሉን ነገር በዚያ በማይድነው እያላከክኩ ስንት ዘመን ኖርኩ።

መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ውሃዬን በየሰዓቱ ጠጣሁ፣ እግሮቼም ታዘዙልኝ።

የክርስትናው ጠዋት ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ማተቧ ታስሮላት እቅፌ ገባች። ቅዳሴው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጭኔ ላይ ሙቅ ነገር ወረደ። አምላኬ፣ ምነው ዛሬን ብታልፈኝ! እያፈርኩ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ የሕፃኗ መጠቅለያ ርሷል፤ የሚንጠባጠበው ከእሱ ነው።

«እኔ አይደለሁም! እሷ ናት!» አልኳት ጎረቤቴን በጆሮዋ። ሳቄን ብውጠው ብውጠው አልዋጥ አለኝ፤ ዲያቆኑ ዞሮ ገረመመን። ልጄን አቁርቤ፣ ቀሚሴን በነጠላ እንኳ ሳልሸፍን፣ ከነእርጥበቴ በሰው መሃል ተንጎራድጄ ወጣሁ።