ማሞቂያው ፀሐይ የሆነ ፎቅ

የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው ነበር። በንድፍ ሥራ ተመርቄ ስወጣ የመጀመሪያ ምደባዬ ደብረ ብርሃን ሆነ፤ ባለ አራት ፎቅ የሠራተኞች መኖሪያ። ዛሬ አራት ፎቅ ቢባል ማንም ቀና ብሎ አያይም። ያን ጊዜ ለከተማው ሰማይ ጠቀስ ነበር፤ እኔም ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ስለነበር ሰማዩን የምነካው እኔ ራሴ መሰለኝ።

የግንበኞቹ አለቃ የአሊዩ አምባ ሰው፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ሲገነቡ ያረጁ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ንድፉን ዘርግቼ ሳሳያቸው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትዞር ጠየቁኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

«ታዲያ ይህን ቤት ማነው ለነፋስ የሰጠው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ አስፋልቱ ነበር የሚያዩት፤ ሰልፍ ሲያልፍ እንዲያምር ተብሎ። በውርጭ ወራት ፀሐይ የምታዘነብለው ደግሞ ወደ ደቡብ ነው። መሠረቱ ገና አልተቆፈረም ነበርና ሦስት ቀን አጎንብሼ ንድፉን አዞርኩት። ግድግዳውን ድርብ የድንጋይ ግንብ አደረግነው፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ እንዲያድር መሀሉ ክፍት። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ገንዳ መለስነው። የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ከሰል እንደሚተርፍ ሲሰማ ፈረመልኝ፤ «ርክክብ ላይ ግን መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር እኔም አብሬው ከፍ አልኩ። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ቆሜ ቱንቢ ስይዝ፣ ነፋሱ ቀሚሴን ሲያራግበው፣ ያለ ምክንያት እስቅ ነበር። አባባ ከታች «ሳቁን ቀንሺው ልጄ፣ ቱንቢው ይወዛወዛል» ይሉኛል። ይብስብኛል።

ሕንፃው አልቆ፣ ታኅሣሥ ላይ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው መርማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ነበር። ቅጹ ላይ «ማሞቂያ» በሚለው ሥር ከሰል፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክ ተዘርዝሯል። እኔ ሦስቱንም ሰርዤ «ፀሐይ» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ጓዲት፣ ፀሐይ ቅጹ ውስጥ የለችም» አለኝ።

«ቤቱ ውስጥ ግን አለች» አልኩት።

«ሕንፃውስ ለአስፋልቱ ለምን ጀርባውን ይሰጣል? የአብዮቱ ሰልፍ የሚያልፈው በዚያ ነው።»

እኔ ደነገጥኩ። አባባ ቀስ ብለው «ጓድ ጌታዬ፣ ጀርባውን የሰጠው ለነፋስ ነው። ሰልፈኛም ቢሆን ሲበርደው እንዲሁ ያደርጋል» አሉት።

መርማሪው አልሳቀም፤ «እንግዲያው እንለካው» አለ። ከጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ሁለት ቴርሞሜትር ተውሰን፣ አንዱን አጠገባችን ባለው አሮጌ ቢሮ ውስጥ፣ ሌላውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቀልን። መርማሪው ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚሁ እጠብቃለሁ ብሎ ቅጹን ይዞ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ካፖርቱን አወለቀ። ቀጥሎ ከረባቱን አላላ። ዘወር ብለን ስናይ ሰውየው ቅጹን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል።

አባባና እኔ በእግራችን ጣት ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አፌን በሻሼ አፍኜ አለቀስኩ፤ የሳቅ ለቅሶ። እሳቸውም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

የነቃው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ነበር። ክፍሉ አሁንም ይሞቃል። ቴርሞሜትሩን አየ፤ ወርዶ የአሮጌውን ቢሮ አየና እጁን እያፋተገ ተመለሰ። ከዚያ በቅጹ ላይ ከኤሌክትሪክ በታች በማስመሪያ አንድ መስመር ጨመረ፤ «ፀሐይ» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ፤ ምልክት አድርጎ ፈረመ።

በማግስቱ ወደ ቴሌ ሮጥኩ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስልኩን ስታነሳ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ «እማዬ፣ ፈረመልኝ» አልኳት።

«ማን ነው ልጁ? ቤተሰቦቹስ እነማን ናቸው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ እልል አለች። የቴሌዋ ልጅ የከፈልሽበት ሰዓት አለቀ አለችኝ። እማዬ እልልታዋን አላቋረጠችም፤ እኔም ላርማት አልቸኮልኩም።