ባዶ መተው የነበረበት መስመር

ይህ ነገር የደረሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ሜስኪት፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ ነበር። ከዚያ ዓመት ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የአንዳንድ ተማሪዎቼን ስም እንኳ። በራሴ እጅ የጻፍኩትን አንድ ቃል ግን አልረሳሁም። የጻፍኩትም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰው የረዳሁ መስሎኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ካርዱ ላስረዳ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። እዚህ አገር ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ አንድ ካርድ ይሞላል። የወላጅ ስምና ስልክ ከላይ ይጻፋል። ዝቅ ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ይዞ መውጣት የሚችል ሌላ ሰው የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ከጎኑ ደግሞ «ዝምድና» የምትል ትንሽ ቦታ አለች። ስሙ ካርዱ ላይ ያለ ሰው መታወቂያ አሳይቶ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ስሙ የሌለ አይወስድም። ጥሩ ደንብ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የምዝገባ ሰሞን የሐበሻ ቤተሰቦችን እንድረዳ ካፊቴሪያው ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ደስ አለኝ። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ስማር እንኳ ማስታወሻዬ በቀለም የተከፋፈለ ነበር፤ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ማየት አልወድም።

ከመጡት አንዷ እትዬ አበበች ነበሩ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ ቀይሬያለሁ። ከኬንያ ስደተኛ ካምፕ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ሆነው ይሠራሉ፤ መኪና አይነዱም። ሜስኪት ደግሞ አውቶቡስ ጠብቀው የሚኖሩባት ከተማ አይደለችም። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ፌቨን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

«ሌላ ሰው» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ እትዬ አበበች ሳያመነቱ የወንድም ግርማን ስም ነገሩኝ። ወንድም ግርማ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን የሚነዳ ሰው ነው። አዲስ የመጣ ሰው ከኤርፖርት የሚቀበለው፣ ለመታወቂያ ቁጥር ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የሚያደርሰው፣ እናቶችን ሥራ የሚያመላልሰው እሱ ነበር።

«ምንዎ ነው?» አልኳቸው።

«ምኔም አይደለም የኔ ልጅ፤ ወንድማችን ነው። እግዚአብሔር የሰጠን ሰው።»

ዝምድና የምትለው ቦታ ባዶ ልትቀር ሆነ። ባዶ ከሆነ ካርዱ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። «አጎት እንበለው፤ ለነሱ የሚገባቸው እንደሱ ነው» አልኩና ጻፍኩት። እትዬ አበበች መረቁኝ። ፌቨን አጠገባችን ቆማ የካፊቴሪያውን ወለል ታይ ነበር።

በጥቅምት ወር፣ በአንድ ረቡዕ፣ በማስተምርበት መሐል፣ ከፌቨን ቦርሳ ውስጥ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ፔጀር ነበር፤ ድምፅ እያሰማ የደዋዩን ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ትንሽ መጥሪያ። «ፌቨን ዶክተር ሆነች፣ በሽተኛ እየጠራት ነው!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ትምህርት ቤት ፔጀር ማምጣት ክልክል ነው፤ የዕፅ ሻጮች ዕቃ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በዚህ ቀልድ የለም። እጄን ዘረጋሁ።

«ቲቸር፣ ፕሊስ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፤ «ለኦፊስ አትስጪብኝ። ኮል ካላደረግኩት ይቆጣል።»

እዚህ ላይ «ማን?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ደንቡን አስረዳኋት። ለምን እንደ ወጣ፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መጥቶ መውሰድ እንደሚችል፣ ሁሉንም በትዕግሥት። ከዚያ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ የዕቃው ዓይነት፣ የዕቃው ቀለም፣ የተያዘበት ሰዓት የሚሉ ቦታዎች አሉት። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፔጀር ማን እንደ ገዛላት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ከትምህርት በኋላ ኦፊስ ስገባ ወንድም ግርማ ቆሟል። «አንቺ ነሽ የያዝሽው? ጎሽ! የኛ ልጆች እንዲህ ጠበቅ ሲያደርጓቸው ነው» ብሎ ሳቀ። «እኔ ነኝ የገዛሁላት። ራይድ ስትፈልግ እንድንገናኝ ብዬ ነው። እናቷ ሥራ ላይ ናት፣ ሶ ምን ይደረግ?» ፈረመ፣ ፔጀሩን ኪሱ ከተተ። እኔም አመሰገንኩት።

ቤቴ እስክደርስ ግን የፌቨን «ይቆጣል» ያለችው ቃል አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ በማለዳ የመውጫ መዝገቡን ገለጥኩ። መዝገብ ማንበብ እችልበታለሁ። ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ወንድም ግርማ ፌቨንን ስድስት ጊዜ ወስዷታል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑ ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ። አንድም ቀን አልተመለሰችም። ማክሰኞ ደግሞ እትዬ አበበች ሁለት ፈረቃ የሚሠሩበት ቀን ነው።

ሚስ ዶሪስን ጠየቅኋት። ኦፊሱን ለብዙ ዓመት ይዛ የኖረች ደግ ሴትዮ ናት። «ሃኒ፣ አጎቷ እኮ ነው» አለችኝና ካርዱን ከሣጥኑ አወጣችልኝ። ሰማያዊ ቀለም። ያማረ የእጅ ጽሕፈት። ዓይኔን ከዚያ ቃል ላይ ማንሣት አቃተኝ።

በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ሄድኩ። በጥሞና ሰማኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ በእናንተ ባህል ይህ የተለመደ ነው? ዘመድ የዘመዱን ልጅ እንዲህ መንከባከቡ?» አለኝ። ዘመዷ አይደለም አልኩት። «ካርዱ ግን ዘመድ ነው ይላል» አለኝ። ቢሆንም ማስታወሻ ያዘ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ላይ እናነሣዋለን አለ። ከቢሮው ስወጣ ቅልል አለኝ።

ሕጉንም ላስረዳ። ልጅ እየተጎዳ ነው ብሎ የጠረጠረ አስተማሪ ራሱ ለስቴቱ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ መደወል አለበት፤ ለአለቃው መንገሩ አይበቃም። ይህን በሥልጠና ነግረውናል። ማስታወሻዬ ላይም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ግን አልደወልኩም። ለበላይ ከተናገርኩ የተደወለ መሰለኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱን አነጋገርኳቸው። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ በዓይንሽ ያየሽው ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ። መዝገቡ ግን...»

«በመዝገብ የሰው ስም አይጠፋም። በጸሎት እንያዘው። ደግሞ የልጅቷ ስምም አለ፣ እሱንም አስቢ።» ኮታቸውን ለበሱና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ቫኑንስ ማን ይነዳዋል? አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው የሚያመላልሰው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። አሥራ አንድ ቤተሰብ ሥራ ሲቀር ታይቷቸው ነው። አንዲት ልጅ ግን አልታየቻቸውም።

ማክሰኞ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ በመስኮት ስመለከት ነጩ ቫን ከመንገዱ ዳር ፓርክ አድርጓል። ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ ሚስ ዶሪስ ፌቨን ቦርሳዋን ይዛ ወደ ኦፊስ ትምጣ አለች። ፌቨን ደብተሮቿን መሰብሰብ ጀመረች። አንዱን ታነሣለች፣ ትከተዋለች፤ ሌላውን ታነሣለች። እንዲያ ቀስ ብሎ ቦርሳ የሚሞላ ልጅ አይቼ አላውቅም።

«ቁጭ በይ» አልኳት። ክፍሉን እንዳለ ጥዬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ የደንብ ጥሰት ፈጽሜ አላውቅም ነበር።

ወንድም ግርማ ሊፈርም መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሏል።

«ወንድም ግርማ፣ ዛሬ አትወጣም።»

«ምነው ቲቸር? አፖይንትመንት አላት እኮ።»

«የሐኪሙን ስልክ ስጠኝ። እኔ ልደውል።»

ሳቀ። «አሁን ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ? አጎቷ ነኝ እኮ። ራስሽ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ነበር። ከኪሴ የእርማት እስክሪብቶዬን አወጣሁና ስሙንም ዝምድናውንም በቀይ ሰረዝኩት። ሚስ ዶሪስ «የትምህርት ቤት ሰነድ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። በእንግሊዝኛ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ውሸት ነው። ዘመዷ አይደለም» አልኳት።

ወንድም ግርማ እስክሪብቶውን በጥንቃቄ ቦታው መለሰ። «እናትየዋን ነገ ሥራ ማን እንደሚያደርሳት አስበሽበታል?» አለኝ ረጋ ብሎ፤ ወጥቶም ሄደ። ዞር ስል ፌቨን ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሚስ ዶሪስ ፌቨንን አየቻት፣ ካርዱን አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከራሷ ጠረጴዛ ጀርባ አስቀመጠቻትና «እኔ እዚህ እያለሁ ማንም አይወስዳትም» አለች። እኔ እትዬ አበበችን ከሥራ ላመጣቸው ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ሰሙኝ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንታጠፍ ብቻ «እኔ እኮ በየማለዳው ለሱ እጸልይ ነበር» አሉ።

ፌቨንን ይዘን ቤታቸው ገብተን፣ ማድ ቤት ካለው የግድግዳ ስልክ ራሴ ደወልኩ። ከአምስት ቀን በፊት መደወል የነበረብኝ ስልክ ነው። ፌቨን ያን ዕለት ለእናቷና ለእኔ የነገረችን የሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ጥርጣሬዬ ልክ እንደነበረና አስቀድሞ መድረስ እንደነበረብን ብቻ ልበል።

ከስቴቱ አንዲት ሴት መጣች፣ ፖሊስም ጠየቀ። ወንድም ግርማ ግን ከመጠየቁ በፊት ከተማውን ለቅቋል። ዛሬ የት እንዳለ፣ የማንን ልጆች እንደሚያመላልስ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ይህን ሳስብ ማስተማሬን ለአፍታ አቋርጣለሁ።

ትምህርት ቤቱ ለሠራተኞች ደብዳቤ በተነ። የተማሪ ካርድ ላይ ማንም በገዛ እጁ እንዳይሰርዝ ይላል። የኔ ቅጂ ከማስጠንቀቂያ ጋር ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ስለ ማክሰኞዎቹ አንድም መስመር የለውም። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ለቫኑ ሌላ ሹፌር ተገኘ። ሦስት ቀን አልፈጀም።

እትዬ አበበች መንዳት ተማሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ፓርኪንግ እየወሰድኩ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። ፍሬን ላይ ጨካኝ ናቸው፤ አንገቴ ያውቃል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በዘንድሮው ምዝገባ ያየሁት ነገር ነው። ፌቨን አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሃይስኩል ናት። «ልርዳሽ» ብላ መጥታ ካፊቴሪያው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ዋይሊ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ በቅርቡ ወደ ሜስኪት የተዛወሩ አንዲት እናት አሥር ዓመት የሚሆናትን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ያው መስመር ላይ ስንደርስ እናትየው የአንድ ጎረቤት ስም ነገሩን። ዝምድና የምትለው ቦታ ላይ ቆሙ። ወደ እኔ አዩ፤ ምን ይጻፍ እንደ ማለት።

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ልማዴ ነው። ፌቨን ግን እኔንም እናትየውንም አልፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ትንሿን ልጅ አየቻት።

«አንቺስ? ከሱ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ማንም የጠየቃት አይመስልም፤ ግራ ገብቷት እናቷን አየች። በዚያ ቀን፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚያው ወለል ላይ ቆማ የነበረችውን ሌላ ልጅ አስታወስኩ። ያን ጊዜ ካርዱን ለመሙላት ቸኩዬ ነበር። አሁን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና መልሷን ጠበቅሁ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ረዝሞ ነበር፤ ይርዘም አልኩ።