ማንጎ የሚያህል ልብ

ሥራውን ስጀምር የእኔ ድርሻ ማተም ብቻ ነው ተብዬ ነበር። በአልትራሳውንድ የተነሣውን የጽንስ ልብ ኮምፒውተር ላይ አስተካክላለሁ፣ ማተሚያው ፕላስቲክ እያቀለጠ በስስ በስሱ ደራርቦ ይሠራዋል፣ ሐኪሙ ደግሞ ችግሩ የት እንዳለ ለቤተሰቡ ያሳያል። ሰው ማስረዳቱም እኔ ላይ እንደሚወድቅ ማንም አልነገረኝም።

አንዱ ልብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ሄደ። ሐዋሳ ተቀምጦ መብራት ማመን ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ ሁልጊዜ አምናለሁ። የጽንሱ ልብ ላይ ያለው ቀዳዳ በደንብ እንዲታይ አምስት እጥፍ ስላሳደግኩት መካከለኛ ማንጎ ያህል ሆኖ ወጣ።

ነፍሰ ጡሯ ከባሏና ከአማቷ ጋር ከቡሹሎ መጣች። ልጁ እንደተወለደ የልብ ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልገው፣ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትወልድ ሐኪሙ ነገራቸው። ሞዴሉን የተቀበሉት አማቲቱ ናቸው፤ ትልቅ ሰው እያለ ሌላው እጁን አይዘረጋም። አገላብጠው አዩትና "እናስብበት" ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ ባልየው ደወለ። እናቱ ልቡን ለጸሎት ኅብረታቸው አሳይተው፣ ሴቶቹ ሁሉ አልቅሰዋል። ይህን ያህል ያበጠ ልብ በሰው እጅ አይድንም፣ እዚሁ ይጸለይለት ተብሏል። አዲስ አበባ ቀርቷል።

በንዴት ጦፍኩ። አምስት እጥፍ መሆኑን ሥሩ ላይ በጉልህ ጽፌያለሁ፤ ማን ያንብብልኝ? ሐኪሙም ስነግረው "ያተምሽው አንቺ፣ አንቺው አስረጂያቸው" ብሎኝ ወደ ተረኛው ታካሚ ገባ።

ለምኜ ሦስቱንም አስመጣኋቸው። "እማማ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እንዲታይዎት ብዬ ነው" አልኳቸው።

"የሰው ልብ ለምን ታሳድጊያለሽ?" አሉኝ።

እዚያው እያዩኝ በትክክለኛ ልኩ አተምኩት። ብዙም አልፈጀ፤ መብራቱም እንደ ጨዋ ሳይሄድ ቆየ። ባቄላ የምታህል፣ ለሐኪም ምንም የማትፈይድ ነገር ወጣች። መዳፋቸው ላይ አኖርኳት።

በጣታቸው ጫፍ ነኳት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በሲዳምኛ ተናገሩ፤ እኔ የሰማሁት "አዲስ አበባ" የሚለውን ብቻ ነው።

"እኔም አብሬ እሄዳለሁ እያለች ነው" አለኝ ልጃቸው። "ይህቺን የምታህል ነገር ብቻዋን አትላክም አለች።"

ሦስት ቀን የለፋሁበት አስፈራርቶ አስቀርቷቸው፣ የማይረባው አሳምኖ ሊወስዳቸው ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ቤታቸው ያለውን ትልቁን ለአዲስ አበባ ሐኪሞች እንዲያሳዩት ነግሬ ሸኘኋቸው።

እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ነፍሰ ጡር ግን ትንሿን ልብ ከአማቷ ተቀብላ በሩ ላይ ቆመች።

"በዚህኛው ቀዳዳው አይታይም አይደል?"

"አይታይም" አልኳት።

"እንግዲያው ይቺን እኔ ልያዛት።"