ከጆንያው ጀርባ የነበረው ውኃ

ሥራዬ አይጥ መቀለብ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አንድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ አለ፤ እዚያ ነጫጭ አይጦችን አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ሳጥናቸውን አጸዳለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ድመት ብትቀጠር ይቀል ነበር ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት ያለ ፍርሃት እንደፈራሁ ግን ለባለቤቴ ካልሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ አርግዤ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዶኛል። ስለዚህ የሦስተኛውን ወሬ ለባለቤቴና ለእናቴ ብቻ ነው የነገርኩት። እናቴ አንኮበር የምትኖር የቄስ ሚስት ናት። በሰማች በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ሹፌር እጅ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ ጠበል ላከችልኝ። ትእዛዙ በስልክ ተከተለ። ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ አንድ ጉንጭ እንድጠጣ፤ ቢተርፍም እግር የሚረግጠው ቦታ እንዳልደፋው።

ችግሩ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰኝ መሆኑ ነበር። ቁርስ ሳልበላ ባጃጅ ላይ ወጥቼ እስክደርስ ሆዴ ይገለባበጣል። ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ደግሞ ለቄስ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥራ ቦታ ደርሼ ትንሽ ረጋ ስል ለመጠጣት ወሰንኩ። የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ወደዚያ ማስገባት ክልክል ነው፤ እኔ ግን አስገባሁ። የአይጦቹ መኖ በሚቀመጥበት ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከመኖው ጆንያ ጀርባ ደበቅኩት።

የምርምሩ ባለቤት ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተው ደብረ ብርሃን የከተሙ ዶክተር ናቸው። በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም፤ ግን ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ አንቺ አንተ ለመባባል አይመቹም። አይጦቹን በሦስት ሳጥን ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ተራ ውኃ ይጠጣሉ። ሁለተኞቹ ገና በሰው ላይ ያልተሞከረ የካንሰር መድኃኒት በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣቸዋል። ሦስተኞቹ የሚጠጡት ከባድ ውኃ የሚባለውን ነው። ከባድ ውኃ ሲያዩት ውኃ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከተራው ይከብዳል፣ ሲበዛ ሕዋስ እንዳይራባ ያግዳል ብለው አስረድተውኛል። ከማብራሪያው ያልገባኝን በዓይኔ አየሁት። በፊተኛው ዙር ይህን የጠጡት አይጦች ጠጉራቸው ተንጨባረረ፣ መብላት ተዉ፣ ባዶ ከረጢት መሰሉ። ካረገዙት አንዷም በሕይወት ያለ አልወለደችም። የሞቱትን ከሳጥን የማወጣው እኔ ነኝ።

አዲሱ ዙር በተጀመረ በጥቂት ቀን የኅዳር ውርጭ ወረደ። ከባድ ውኃ ከተራው ቀድሞ በረዶ ይሆናል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰበብ አይፈልግም። አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሲገቡ ውኃው የነበረበት የብርጭቆ ጠርሙስ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ያለው ጠጥሮ አገኙት። እኔ ያን ቀን ለእርግዝና ክትትል ክሊኒክ ነበርኩ። እሳቸው ለሁለት ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ሊሄዱ መኪና ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በረዶውን አቅልጠው የእኔን በሚመስል ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገለበጡት። መንገድ ላይ ሆነው ደወሉልኝና ከባዱን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው መደርደሪያው ላይ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ።

ሳይነግሩኝ የቀሩት አንድ ነገር አለ። ብርድ እንዳያገኘው ጆንያውን ስበው ከጀርባው ነበር የሸጎጡት። እዚያ ያገኙትን የእኔን ጠርሙስ ደግሞ ለአይጦቹ የተቀዳ ተራ ውኃ መስሏቸው ወደ ፊት አወጡት።

በማግስቱ ገባሁ። ፊት ለፊት ካለው ጠርሙስ ለሦስተኛው ሳጥን ቀዳሁ። ከጆንያው ጀርባ ካለው ደግሞ አማትቤ ተጎነጨሁ።

ጣፈጠኝ። እንደ ስኳር አይደለም፤ ምላስ ላይ ትንሽ ቆየት የሚል ጣዕም ነበረው። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ጸሎቷ መሰማቱ ነው ብላ አለቀሰች፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ጠዋት ሳላጓድል ጠጣሁት።

ዶክተሩ በተመለሱበት ጠዋት ሦስተኛውን ሳጥን አብረን ከፈትን። አንዷ አይጥ ለመኝታ የሰጠኋትን ጥጥ ሰብስባ ጥግ ይዛለች። ከሥሯ ሰባት ቀያይ ግልገሎች ይንፈራገጣሉ። እኔ ፈገግ አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። የእናቲቱን ጠጉር በጣታቸው ዳበሱ፤ ለስልሷል። ከየትኛው ጠርሙስ እንደማጠጣቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

«ከጆንያው ጀርባ ካለው አልነበረም?» አሉኝ።

ክው አልኩ። የመኖው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እርግዝናውን፣ ጠበሉን፣ ሕግ መጣሴን። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁለቱ ጠርሙሶች እኩል እኩል ቀድተው ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ከጆንያው ጀርባ የነበረው ከበደ።

በቀን ምን ያህል እንደጠጣሁ ጠይቀው ወረቀት ላይ ማስላት ጀመሩ። አይጦቹ ሌት ተቀን የሚጠጡት እሱን ብቻ ነው አሉኝ፤ የእኔ ጉንጭ ግን ከሰውነቴ ውኃ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ በሽንት ይወጣል፣ አያሰጋም። ትንፋሼ መለስ አለ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ጠርሙሱ በተሰነጠቀበት ሳምንት መድኃኒቱን ከከባዱ ውኃ ጋር ቀላቅለው ሊሞክሩ አስበው ነበር።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ጨምረውበት ነበር እንዴ?»

ደብተራቸውን ገለጡ። ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ። በዚያ የጥድፊያ ቀን የጻፉት ነገር የለም።

«አልጨመርኩም» አሉ። ደብተሩን ዘጉና ደግሞ «አልጨመርኩም መሰለኝ» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያች «መሰለኝ» ውስጥ ነው የኖርኩት። ከጠርሙሱ ቀድተው አዲስ አበባ ላኩ፤ መመርመሪያው ተበላሽቷል የሚል መልስ መጣ። ክሊኒክ ስነግራቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ የፅንሱ የልብ ምት ደህና ነው ብለው ሰደዱኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሌላ ጠርሙስ ስትልክልኝ ከፈትኩት፣ ወደ አፌ አስጠጋሁት፣ መዋጥ አቃተኝ። የቄስ ልጅ ሆኜ ጠበል ፈራሁ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እፈራለሁ፣ ዝም ሲል የባሰ እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት እየመጣ ያሠቃየኝ ነበር።

ዶክተሩ ግን አንድም ቀን ነገሩን አላነሱትም። ጠዋት እንዴት አደርሽ ይሉኛል፣ ወደ ሥራቸው ይገባሉ። አንዳንድ ቀን በንዴት ጥርሴን እነክሳለሁ፤ የእሳቸው ልጅ ቢሆን እንዲህ ይረሱት ነበር ወይ እላለሁ። ዞር ብዬ ደግሞ በዚያው እርጋታቸው እጽናናለሁ። የተማረ ሰው እንዲህ ከተረጋጋ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው ያቆመኝ ያ እርጋታቸው ነበር።

ሰኔ ላይ ወለድኩ፤ ሴት ልጅ። አዋላጇ አገላብጣ አየቻትና ጤነኛ ናት አለችኝ። ደግመሽ እይልኝ አልኳት፤ ደገመች። ሦስተኛ ስለምናት ሳቀችብኝ። ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አጠገቤ አስተኛቻት። ወዲያው ባለቤቴ ስልኩን አቀበለኝ። ዶክተሩ ነበሩ። እንኳን ማርያም ማረችሽ አላሉኝም፣ ወንድ ነው ሴት ብለውም አልጠየቁኝም።

«ሕፃኑ አለቀሰ?» አሉኝ።

«አለቀሰች» አልኳቸው።

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ደብተር ሳገላብጥ ነው የኖርኩት።»

ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ፈታሁና ልጄን ከእግር ጣቷ ጀምሬ ራሴ መፈተሽ ጀመርኩ።